ወንድምጋሼ ከተማ ሊያይ መጣ

በሆቴሉ ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «ካውያ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት በሁለት ምክንያት ነው ይባላል፤ አንድም አንሶላ ተኳሽ ስለሆነች፣ አንድም ቶሎ ስለምትግል። ሁለተኛውን እሷ አትቀበለውም። «እኔ መቼ በራሴ ግዬ አውቃለሁ? ሰው እየለኮሰኝ ነው እንጂ» ትላለች፤ ይህንንም የምትለው ግላ ነው።

የምትሠራባት ከተማ ዓለም ሁሉ ሊያያት የሚጎርፍባት ከተማ ናት። በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ በመርከብ ይመጣሉ፤ ሻንጣቸውን በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ላይ እየጎተቱ ሲያልፉ የጎማው ኳኳታ እስከ ምድር ቤቱ ይሰማል። ካውያ መልካቸውን አታውቅም። የምታውቃቸው በአንሶላቸው ነው፤ ማን አልጋ ላይ ቡና እንደሚጠጣ፣ ማን ጸጉሩን ቀለም እንደሚቀባ፣ ማን ጫማውን ሳያወልቅ እንደሚተኛ። እሷ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ መጥታ በጓሮ በር ትገባለች፣ ሲመሽ በዚያው በር ትወጣለች። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አላት። እሱንም ልጇን ለማስተማር ስትል ለዓመታት በሰው ተራ እየገባች ሠርታበታለች። ልጅቷ ተምራ፣ አግብታ፣ ሌላ ከተማ ከገባች በኋላም ልማዱ አልለቀቃትም። እረፍት የሚባለው ነገር ከእሷ ጋር ሳይተዋወቅ ቀረ።

ታዲያ ታላቅ ወንድሟ ሊመጣ ነው።

ወንድምጋሼ ነው የምትለው። አባታቸው ገና በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጋት እሱ ነው። በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ወፍጮ ቤት ከፍቶ ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲፈጭ ስለኖረ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን ደፍኖታል፤ ስለዚህ ሲያወራ አገር ይሰማዋል። ዘንድሮ ወፍጮውን ለልጁ አስረክቦ እጁ ሲፈታ ደወለላት። «በቃ ልመጣ ነው! ሰው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የሚያያትን ከተማ፣ እህቴ እዚያ እያለች፣ እኔ ሳላያት ልሙት እንዴ?»

«ና እንጂ ወንድምጋሼ! እያንዳንዷን ጥግ ነው የማሳይህ» አለችው። ስልኩን ዘግታ ግን ራሷን ጠየቀች። የትኛውን ጥግ?

ፎጣ የሚሏት የሥራ ጓደኛ አለቻት፤ ፎጣ አጣፊ ናት። አንድ ቀን ተራዋን እንድትሸፍንላት ብትጠይቃት፣ «አንቺ? እረፍት? ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው ዛሬ?» ብላ ሳቀችባት፤ ቢሆንም እሺ አለች። ቀጥሎ ካውያ መጎናጸፊያዋን አስተካክላ ወደ ላይ ወጣችና እንግዳ መቀበያው ጋ የምትቆመውን ወጣት አነጋገረቻት።

«የኔ ልጅ፣ ወንድሜ ሊመጣብኝ ነው። ሰው ብዙ ሳያወጣ የሚሄድበት ደኅና ቦታ፣ ያገሬው ሰው የሚሄድበት፣ የት ይሆን?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «እትዬ፣ እርስዎ ያገሩ ሰው አይደሉ እንዴ? እንግዶቹ እንዲህ ብለው ሲጠይቁን እኛ እኮ ‹ነዋሪውን ጠይቁ› ነው የምንላቸው።»

«እሺ፣ ነዋሪውስ ማንን ይጠይቅ?»

ልጅቷ ሳቀች። ካውያ አልሳቀችም።

ወንድምጋሼ በማግስቱ ማታ ደርሶ ድካሙን ተኝቶ አደረ። ጠዋት ስትነሣ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ አዲስ ጫማ አጥልቆ፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። «ጫማው አይጠብህም?» ብትለው፣ «ለከተማ ብዬ የገዛሁት ነው!» አላት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

አውቶቡሱ አሮጌው ሰፈር አፋፍ ላይ አወረዳቸው። ገና እግሩ መሬት ሲነካ ወንድምጋሼ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ ወዳለው ረጅም ነገር በጣቱ ጠቆመ። «ያስ ምንድን ነው?»

«ግንብ ነው። ተወው፣ እሱ የቱሪስት ነው» አለችው ወደ ጆሮው ተጠግታ። «እኔ የማሳይህ እውነተኛውን ነው።»

እውነተኛው የምትለውን ሌሊቱን ሙሉ ስታስበው ነበር ያደረችው። ወደዚህ ከተማ የመጣች ሰሞን፣ ልጅ ሳትወልድ፣ እሑድ እሑድ የምትሄድባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከሁሉ የምትወደው ወደቡ ዳር ያለው የድንጋይ ደረጃ ነው። ምሳዋን በወረቀት ጠቅልላ እዚያ ቁጭ ትላለች፣ ጀልባ ሲገባ ታያለች፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለማይረባ ነገር ትጨዋወታለች፣ ማንም ምንም አይላትም። ወንድሟንም መጀመሪያ የወሰደችው ወደዚያው ነው።

ደረጃው አለ። ድንጋዩ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ነጭና ሰማያዊ ትራስ ተደርድሮበታል፤ በየመሐሉ ትንንሽ ጠረጴዛ ገብቷል። ወንድምጋሼ ደስ ብሎት አንዱ ትራስ ላይ ዘፍ አለ። ወዲያው አንድ ትሑት አስተናጋጅ ከች አለ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ መቀመጫው ለተስተናጋጅ ነው።»

«ትራሱ ነው ወይስ ደረጃው?»

«ሁለቱም።»

«ደረጃው መቼ ነው የናንተ የሆነው?»

«እኔ ተቀጣሪ ነኝ እናቴ። ዝርዝሩን ላምጣልዎት?»

ዝርዝሩን አመጣላት። የአንድ ስኒ ሻይ ዋጋ እሷ ቤት የሚገባውን የወር ሻይ ቅጠል ያስከነዳል። ጥርሷን ነክሳ መለሰችለት።

«ምን አለ?» አለ ወንድምጋሼ።

«ተነሥ አለ!»

«ሻይ ጠጡ አለ? እግዜር ይስጠው!» ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ክንዱን ይዛ እስክታስነሣው ድረስ የአካባቢው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ካውያ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ወደ አሮጌው ገበያ ወሰደችው። ያኔ ክርም፣ ድስትም፣ ምስማርም የሚሸጥበት ነበር። ወንድምጋሼ ወፍጮ ቤቱ የሚያስፈልገው ደኅና ወንፊት መግዛት አማረው። ከአንዱ ሱቅ ገና ሲጠጉ ሻጩ ሙሉ ልብሱንና ባርኔጣውን አይቶ በውጭ አገር ቋንቋ አንድ ነገር አለው። ወንድምጋሼ፣ ሰላምታ መስሎት፣ «ደኅና ነኝ! እግዚአብሔር ይመስገን!» ብሎ ጮኸበት።

«ወንፊት ፈልገን ነው» አለች ካውያ።

«ወንፊት የለም። ማግኔት አለ። ግንቡ ያለበት ኩባያ አለ፣ ግንቡ ያለበት ካልሲ አለ።»

ቀጥሎ ያለው ሱቅም ኩባያና ካልሲ ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። መንገዱን ጨረሱት፤ እስከ መጨረሻው ማግኔት ነው።

«እዚህ ሰፈር ዱቄት የሚነፋ ሰው የለም ማለት ነው?» አለ ወንድምጋሼ ተገርሞ።

«ሰውም የለ» አለችው። ቀና ብላ ከአንድ ሱቅ በላይ ያለ መስኮት አሳየችው። ከልጇ ጋር በኪራይ ትኖርበት የነበረ ክፍል ነው። ባለቤቱ ለእንግዶች በአዳር ላከራየው ብሎ አስወጣት። አሁን በሩ ላይ ቁጥር የሚጫኑባት ትንሽ የቁልፍ ሳጥን ተለጥፋለች፤ የመጣው እንግዳ ከውስጧ ቁልፍ አውጥቶ ይገባል፣ አድሮ ይሄዳል። ካውያ ያን ጊዜ ነው ከከተማው ወጥታ፣ አውቶቡሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሚፈጅበት ዳርቻ የገባችው። ይህን ስትነግረው ወንድሟ ሰምቷት ይሁን ሳይሰማት አላወቀችም፤ እግሩን ቀያየረ። ጫማው መጥበቅ ጀምሯል።

ሦስተኛው ቦታ የቀራት ተስፋ ነው። ከገበያው ጀርባ፣ በጣሪያ የተከለሉ የድንጋይ ገንዳዎች ነበሩ፤ ቀን ከሌት ውሃ ይወርድባቸዋል። በቤቷ ውሃ የሌላት ሴት ሁሉ ልብሷን የምታጥበው እዚያ ነበር። ካውያም የሰው ልብስ እየተቀበለች ልጇን በጀርባዋ አዝላ አጥባበታለች። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚገኘው እዚያ ስለነበር ለወንድሟ በየጊዜው በስልክ ታወራለት ነበር፤ ሳያየው ያውቀዋል።

ገንዳዎቹ በገመድ ታጥረዋል። መግቢያው ላይ ትኬት መቁረጫ አለ፤ ከበላዩ «እንደ ነዋሪ ይኑሩ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። በውስጥ በኩል አንዲት ልጅ የጥንት ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ እንግዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ አንድ መሐረብ ያጥቡና ፎቶ ይነሣሉ፣ ይስቃሉ። ካውያ ወደ ትኬት መቁረጫው ተጠጋች።

«ለነዋሪ ነፃ ነው» አላት ትኬት ቆራጩ። «መታወቂያ ብቻ።»

ደስ ብሏት አውጥታ ሰጠችው። ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «አድራሻው ከከተማው ክልል ውጪ ነው የሚለው።»

«አስወጥተውኝ እኮ ነው! እዚህ ጉልበቴ እስኪላጥ ያጠብኩ ሰው ነኝ። ያ ሦስተኛው ገንዳ፣ የተሸረፈው፣ የኔ ነበር።»

«ይገባኛል እትዬ። ሲስተሙ አይቀበለውም እንጂ።»

«ሲስተሙ መቼ ልብስ አጥቦ ያውቃል?»

ከኋላ ሰልፍ ተሠርቷል። ካውያ እየጮኸች መሆኑን ያወቀችው አንዲት የውጭ አገር ሴት ስልኳን አንሥታ ስትቀርጻት ነው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አውራ ጣቷን ከፍ አደረገችላት፤ የትርዒቱ ክፍል መስላታለች። ቆሽቷ አረረ። መታወቂያዋን ነጥቃ፣ ወንድሟን ጎትታ ወጣች።

ጥግ እንደዞሩ ወንድምጋሼ ቆመ። ክፉ አላሰበም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን እዚህ ስትኖሪ፣ የት የት ነበር የምትሄጂው?»

«የትም!» አለች። ጆሮው ውስጥ ነው የተናገረችው፣ መንገዱ ሁሉ ግን ሰማት። «የትም! አንሶላ ስተኩስ ነበር! የሰው አንሶላ!»

ርቧቸዋል፤ እሱ ያነክሳል፤ እሷ እንባዋን ላለማሳየት ፊት ፊት ትሄዳለች። ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የመጣውን አውቶቡስ፣ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ሳታይ፣ ዘልላ ገባች።

ወንድምጋሼ ከሹፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጫማውን ከተረከዙ አላቀቀ። አውቶቡሱ ድልድይ ተሻገረ፣ በመጋዘኖች ጀርባ አለፈ፣ ባሕሩ ብቅ ጥልቅ አለ። ከሹፌሩ ጋር ወሬ ጀመሩ፤ ሹፌሩ የእህል ነጋዴ ልጅ ኖሮ ወፍጮ ያውቃል። ካውያ ከኋላ ሆና የወንድሟ ድምፅ ሞተሩን ሲበልጠው እየሰማች በመስኮቱ አፈጠጠች። መጨረሻው ፌርማታ ሲደርሱ ሌላ ሰው አልቀረም።

እዚያ የአውቶቡስ ሠራተኞች ምግብ ቤት አለ። በር ጠባቂው «ለሠራተኛ ብቻ ነው» ሲላቸው ካውያ መልስ እንኳ አልሰጠችም፤ ዞራ መሄድ ጀመረች። ሹፌሩ ነው የያዛት። «አባባ የኔ እንግዳ ናቸው፣ እርስዎም ይግቡ» ብሎ አስገባቸው። ትኩስ ሾርባና ዳቦ ቀረበላቸው። ሹፌሮቹ እግራቸውን ዘርግተው ይበላሉ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ አለቃ ያማርራሉ፤ ማንም ማንንም ፎቶ አያነሣም። ካውያ ሾርባው ሆዷ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ።

«ይኼውልህ ወንድምጋሼ» አለችው ወደ ጆሮው ተጠግታ። «እውነተኛው ከተማ ይኼ ነው።»

ወንድምጋሼ ዙሪያውን አየ፤ የፕላስቲክ ወንበሩን፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ ፊታቸው የደከመውን ሰዎች። «እንዲህ ያለውማ እኛም አገር አለ» አላት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሾርባው ደኅና ነው» አለ እሱ፤ ነገር ሊያለዝብ። «ግን እኔ ያንን ግንብ ነበር ማየት የፈለግሁት።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅሁሽ እኮ። የቱሪስት ነው አልሽኝ። እኔስ ምንድን ነኝ?»

ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው፣ ቀኑን ሙሉ የተዋረደችው ለዚህ ነው? «እኔን ልታይ የመጣህ መስሎኝ» አለች።

«አንቺንማ አውቅሻለሁ!» አለ ወንድምጋሼ፤ ምግብ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷ ብቻ ብግን አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አላናገረችውም፤ እሱ ግን አላወቀም፤ ተናግራ ጆሮው ያልሰማላት መስሎት ነው።

በማግስቱ ሥራ ገባች። ሌላ ቀን ፈቃድ ብትጠይቅ ሱፐርቫይዘሯ «ትናንት ወጥተሽ የለም ወይ?» አለቻት። ወንድምጋሼ ብቻውን ወጣ። ካውያ አንሶላ በዘረጋች ቁጥር ወንድሟ መንገድ ሲጠፋው፣ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ሳይሰማ ሲቀር ይታያታል። አንድ የትራስ ልብስ አቃጠለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። ቢጫውን ምልክት አጥፋ ደበቀችው።

ሲመሽ በጓሮ በር ስትወጣ ቆሞ ጠበቃት። ፀሐይ አፍንጫውን ጠብሶታል። ጫማውን አውልቆ የገዛው ርካሽ ሸበጥ እግሩ ላይ አለ። ፊቱ ግን ያበራል።

«ወጣሁት!» አላት። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሰልፍ ላይ ቆመ። ከፊቱ የነበሩ የውጭ አገር ባልና ሚስት ጥላቸውን አጋሩት፤ እሱ የሚሉትን አይሰማም፣ እነሱ የሚለውን አያውቁም፣ ሲስቁ ዋሉ። የግንቡን ደረጃ በየመሐሉ እያረፈ ወጣው። ከላይ ሆኖ ያየውን እስኪነግራት አላስችል አለው፤ ባሕሩ ከተማዋን እንዴት እንዳቀፋት፣ ጣሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ መሆኑን፣ መርከቦቹ የልጅ መጫወቻ መምሰላቸውን። «ሆቴልሽን አየሁት እኮ! ጣሪያው ላይ አንሶላ ተሰጥቶ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የአንቺ ነው ብዬ ጠራሁሽ!»

«እኔ ምድር ቤት ነኝ ወንድምጋሼ።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ጠራሁሽ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ» አለና ሳቀ። ቀጥሎ፣ እንደ ዋዛ፣ «አንቺስ ከላይ ሆነሽ ስታይው አያምርም?» አላት።

ካውያ ግንቡ ላይ ወጥታ አታውቅም። «ያምራል» አለችው፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ስለተናገረች የሰማት አይመስላትም።

ወንድሟ በሦስተኛው ቀን ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጁን እያወዛወዘ አንድ ነገር ጮኸ፤ ሌላው ጩኸት ዋጠው፣ ምን እንዳለ ሳታውቅ ቀረች። ከመናኸሪያው ቀጥታ ወደ ሥራ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ንዴቷ አልለቀቃትም። በማን እንደምትናደድ ግን መለየት አቃታት፤ በአስተናጋጁ፣ በሲስተሙ፣ በወንድሟ ወይስ በራሷ።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘሯ ፊት ቆመች። ከእንግዲህ በእረፍቴ ቀን አልገባም አለች። ሱፐርቫይዘሯ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ «ሰው የለም» አለች፣ ቀጥሎ «አስብበታለሁ» አለች። ካውያ ወይ ፍንክች። ነገሩ ወር ሙሉ ተጓተተ፤ በመሐሉ ክፉ ክፉውን ሥራ፣ የጠረጴዛ ልብሱንና የወጥ ቤቱን ጨርቅ፣ እየለየች ጣለችባት። በመጨረሻ እረፍቱን ሰጠቻት። ፎጣም ይህን ስታይ ለራሷ ጠየቀች፤ ሁለቱም በአንድ ቀን እረፍት አገኙ።

የመጀመሪያው እረፍት ቀን ዝናብ ሲጥል ዋለ፤ ካውያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጣሪያውን ስታይ መሸ። በሁለተኛው ከፎጣ ጋር ሆነው ግንቡ ሥር ሄዱ። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ኋላ መንገድ ድረስ ተዘርግቷል። ፀሐዩ ያነድዳል። ፎጣ «እኔ በእረፍቴ ቀን ሰልፍ? ለሠራተኛ ቁርስ ስንሰለፍ አይበቃም?» አለች፤ ካውያ «ቁሚ እንጂ ትንሽ» አለች፤ ተጨቃጨቁ፤ በሩ ሳይታያቸው ሰልፉን ትተው ሄዱ።

እየተነታረኩ ወደቡን ተከትለው ብዙ ተጓዙ። የዓሣ መጋዘኖቹን ካለፉ በኋላ፣ ሰው በማይደርስበት፣ አንድ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ አገኙ። ይሸታል። ካንዱ ቱቦ የሚወርድ ውሃ እግራቸው ሥር ያልፋል። ግን ባሕሩ ከፊት ለፊት ነው፤ ትራስ የለም፣ ዝርዝር የለም። ሻርፓቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ፎጣ ከቦርሳዋ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጣች፤ ስለ ሱፐርቫይዘሯ ሐሜት ጀመሩ።

ገና አንዱን እንቁላል ልጠው ሳይጨርሱ ዘበኛው መጣ። «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው።»

«ለምን?» አለች ካውያ።

«እንጃ። ክልክል ነው ተብያለሁ።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«እሱንም አልነገሩኝም።»

ፎጣ ልትነሣ ነበር፤ ካውያ ጉልበቷን ይዛ አስቀረቻት። ጥቂት ከተጨቃጨቁ በኋላ ዘበኛው ራሱ የሚለው ሲያጣ፣ «እሺ፣ እንቁላሉን ጨርሱና ሂዱ» አለ። ቀስ ብለው በሉት። ሲጨርሱ ተነሥተው፣ እያጉረመረሙ፣ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ካውያ እንቁላሉን በርከት አድርጋ ቀቅላለች።